የዛንዚባር የካያክ ጉዞ፦ «9፡00» ያሉን የትኛው 9 ሰዓት ነው?

የሄርማታዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሐምሌ ከጅማ ወደ ዛንዚባር እንሄዳለን፤ እዚያ ከአስጎብኚ ጋር የአንድ ቀን የካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ) ጉዞ ልንይዝ ነው። አራት ነን፦ እኔ 60 ኪሎ፣ ባለቤቴ 92 ኪሎ፣ የ11 ዓመት ልጃችን 34 ኪሎ፣ እናቴ ደግሞ 61 ዓመቷ ሲሆን 70 ኪሎ ትመዝናለች። ዋና የሚችለው ባለቤቴ ብቻ ነው። እናቴ የስኳር ሕመም አለባት፤ የምትወስደው ኪኒን ነው እንጂ መርፌ አይደለም። በእግሯ ግን ደህና አድርጋ ትሄዳለች።

አስጎብኚዎቹ የላኩልን መልእክት አጭር ነው፦ «የችዋካ ባሕረ ሰላጤ ማንግሮቭ፣ ካያክ 9፡00፣ ቆይታ 3 ሰዓት፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ካያክ፣ ምሳና የጆዛኒ ደን ጉብኝት ይጨምራል።» ማንግሮቭ የሚሉት ባሕር ዳር በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ዛፍ ነው። ሁለት ቀን አማራጭ ሰጥተውናል። በሂጅራ ስንቆጥረው አንደኛው በ14፣ ሁለተኛው በ22 ይውላል። ለሁለቱም ቀን የተጻፈው ያው 9፡00 ነው።

የትኛውን ቀን እንያዝ? ማን ከማን ጋር ይቀመጥ? እናቴ ብትቀርስ ይሻላል ወይ? ከመሄዳችን በፊት ግልገል ጊቤ ግድቡ ላይ ወይም እዚሁ ጅማ ቦዬ ረግረጉ ላይ ትንሽ መለማመድስ ይቻላል? የምታውቁ ብትነግሩን።

---

ጅሬን ማዶ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያቺን 9፡00 አጣሪያት። የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። «ሳዓ ሞጃ» የእኛ 1 ሰዓት፣ «ሳዓ ታቱ» የእኛ 3 ሰዓት፣ «ሳዓ ቲሳ» የእኛ 9 ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓታችሁንም መንካት አያስፈልጋችሁም፤ ዛንዚባርና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ቢሮ ሆኖ መልእክት የሚጽፈው ሰው ለእንግዳ ሲል በፈረንጅ ሰዓት ሲጽፍ፣ ካያኩን ውሃ ዳር የሚያወርደው ሰው ደግሞ በስዋሂሊ ሲያስብ ነው። የፈረንጅ ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ የስዋሂሊ ከሆነ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት። በመካከሉ 6 ሰዓት አለ። በባሕር ላይ ደግሞ 6 ሰዓት ማለት በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ማርፈድና መቅደም ብቻ አይደለም።

እኛ ደገኞች ውሃ ሲባል ጣናን ወይም ግድብን ነው የምናስበው፤ ጠዋት ያየነው ዳርቻ ማታም እዚያው ነው። የሕንድ ውቅያኖስ እንደዚያ አይደለም። ዛንዚባር ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በኃይለኛው ቀን በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ከፍታ ከ3 ሜትር ተኩል ያልፋል። ችዋካ ጥልቀት የሌለው ባሕረ ሰላጤ ስለሆነ በሽሽት ሰዓት አብዛኛው ወለሉ ይጋለጣል፤ ጭቃ፣ አሸዋና የባሕር ሣር ይሆናል። እዚያ ላይ ካያክ መቅዘፍ የለም፣ መጎተት ነው ያለው።

ኃይለኛው ሙላት የሚመጣው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ነው። ስዋሂሊዎች «ባምቩዋ» ይሉታል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ያለውን ደካማ ሙላት ደግሞ «ማጂ ማፉ» ይሉታል፤ የሞተ ውሃ እንደ ማለት ነው። የሂጅራ ቀን የሚቆጠረው በጨረቃ ስለሆነ ሠንጠረዥ ሳትከፍቺም ከቀኑ ብቻ መገመት ትችያለሽ፤ 14 እና 15፣ እንዲሁም 29 እና 30 ገደማ ባምቩዋ ነው፤ 7 እና 8፣ 22 እና 23 ገደማ ማጂ ማፉ። አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል።

አሁን ሁለቱን ቀኖችሽን እንያቸው። ዛንዚባር ላይ በሙሉ ጨረቃ ቀን ውሃው የሚሞላው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚሸሸው ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ። ስለዚህ በ14ኛው ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ብትደርሱ ውሃው እየሸሸ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭቃ ላይ ናችሁ። ያ ቀን የሚሠራው 9 ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ብቻ ነው። በ22ኛው ቀን ነገሩ ይገለበጣል፦ ሙላቱ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ፣ ሽሽቱ ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ነው። ያ ቀን የሚሠራው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። እንግዲህ አንድ 9፡00 ለሁለቱም ቀን ልክ ሊሆን አይችልም። ለሁለቱ ቀን አንድ ዓይነት ሰዓት የጻፈ ሰው የሙላቱን ሠንጠረዥ ሳያይ ነው የጻፈው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «በየቀኑ የሙላቱ ሰዓት ስንት ነው? ከፍታውስ ስንት ሜትር? ውሃ ላይ የምንወጣው ከሙላቱ ስንት ሰዓት ቀድመን ነው?» ሥራውን የሚያውቅ አስጎብኚ ይህን በአንድ መስመር ይመልሳል። ሰዓቱን ሲነግሩሽ «አሱቡሂ» ካሉ ጠዋት ነው፤ «አላሲሪ» ካሉ በዐስር ሰላት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ለጅማ ሰው ቃሉ ሩቅ አይደለም።

---

ቀዛፊ ነኝ

ጅሬን ማዶ ስለ ሰዓቱ ያለው ትክክል ነው። እኔ ግን 22ኛውን ቀን እመርጣለሁ። ምክንያቴ የውሃው ጉልበት ነው።

ውሃው በስድስቱ ሰዓት ውስጥ እኩል አይሞላም፣ እኩልም አይጎድልም። መርከበኞች ልዩነቱን ለ12 ይከፍሉታል፤ በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3፣ በአራተኛው 3፣ በአምስተኛው 2፣ በስድስተኛው 1 እጅ ይንቀሳቀሳል። በባምቩዋ ቀን ልዩነቱ 3.6 ሜትር ነው እንበል። ከሙላቱ በኋላ በመጀመሪያው ሰዓት 30 ሳንቲሜትር ይጎድላል፣ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛው 90። በዚያ በሦስተኛው ሰዓት በማንግሮቩ ጠባብ መተላለፊያ የሚወጣው ውሃ እንደ ወንዝ ይፈሳል። ጀማሪ በሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ነው የሚቀዝፈው፤ ፍሰቱ የዚያን ያህል ከሆነ ፊት ለፊት ገጥሞት የትም አይደርስም። በማጂ ማፉ ቀን ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ውሃው የተኛ ነው። ጠዋት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነፋሱ ከከሰዓቱ ይቀላል። ዋና ለማይችሉ ሦስት ሰዎች እኔ ይህን ነው የምመክረው።

ስለ ነፋሱ፦ ሐምሌ «ኩሲ» የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ወቅት ነው። ጅማ ዝናብ በዝናብ ስትሆን እዚያ ደረቅ ነው፣ ግን ይነፍሳል። በምሥራቁ ዳርቻ ፓጄ ላይ በዚህ ወቅት ሰዉ በሰማይ ላይ ካይት (በገመድ የተያዘ ትልቅ የነፋስ ሸራ) እያስጎተተ በሰሌዳ ውሃ ላይ ይንሸራተታል፤ ያን የሚያስችለው ነፋስ ደግሞ ለካያክ ጀማሪ ከባድ ነው። ስለዚህ «ማንግሮቩ ቀርቶ በፓጄ ላጉን እንቅዘፍ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ችዋካ በስተ ምሥራቅ በሚቻምቪ ልሳነ ምድር የተከለለ ነው፣ ከማንግሮቩ ውስጥ ደግሞ ነፋሱ ጨርሶ ይቀንሳል። ትንበያው በሰዓት ከ18 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ውጡ። ከ28 በላይ ከሆነ በማንኛውም ቀን ይቅርባችሁ፤ ገንዘባችሁን ይመልሱ እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስይዙ።

አቀማመጥ። ሁለት ሰው የሚይዘው ካያክ ከላይ የሚቀመጡበት ዓይነት መሆኑን አረጋግጪ፤ ማለትም እግር ወደ ውስጥ የማይገባበት፣ እንደ ጣና ታንኳ ከላይ ሜዳ የሆነው። ቢገለበጥ ማንንም አያስርም፣ ውሃም አይሞላም፤ በወለሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የገባውን ውሃ መልሰው ያፈሱታል። የሚችለው ክብደት በጎኑ ላይ ይለጠፋል፤ ብዙዎቹ ከ200 ኪሎ በላይ ይላሉ። ያን ቁጥር ግን ሙሉውን አትጠቀሙበት፣ ሁለት ሦስተኛው ላይ ቁሙ። ከዚያ በላይ ሲጫን ዝቅ ይላል፣ በቀዳዳዎቹ ውሃ ወደ መቀመጫው ይወጣል፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ተቀምጦ ይውላል።

አባትና ልጅ አብረው ቢሆኑ በክብደት ደረጃ ችግር የለም፣ 126 ኪሎ ነው። ግን አባትየው ከኋላ 92፣ ልጁ ከፊት 34 ሲሆኑ ኋላው ይሰምጣል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፤ የተነሳው አፍንጫ ነፋስ ይይዝና ካያኩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የውሃ ጀሪካኑን፣ የምሳ ዕቃውን፣ 10 ወይም 15 ኪሎ የሚሆነውን ሁሉ ከልጁ እግር ፊት ማሰር፤ መቀመጫው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ አባትየው ወደ መሐል መጠጋት። እናትሽ ከፊት ይቀመጡ፣ መሪው ከኋላ። አንቺ ለብቻሽ በአንድ ሰው ካያክ። እዚህ ላይ ግን ልብ በይ፦ መሪው እናትሽን ይዞ ከሆነ ሌላው ቢገለበጥ ፈጥኖ ሊደርስ አይችልም። ሁለተኛ መሪ ሌላ ሰው ባልጫነ ካያክ፣ መጎተቻ ገመድ ይዞ እንዲመጣ ጠይቂ። ተጨማሪ ክፍያ ቢኖረውም በዚህ ላይ አትቆጥቡ።

---

ጅሬን ማዶ

@ቀዛፊ ነኝ፣ ስለ ፍሰቱ ያልከውን እቀበላለሁ፤ ግን በ22ኛው ቀን ሙላቱ ከፍ ስለማይል ወደ ማንግሮቩ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ መተላለፊያዎች ውሃ አይደርሳቸውም። በዋናው መግቢያ ትቀዝፋለህ፣ ዛፎቹን ከዳር ታያለህ፣ ትመለሳለህ። ሥሮቹ እንደ ድንኳን ምሰሶ ከላይ ወደ ውሃው በሚወርዱበት ቅስት መካከል መግባት፣ ሰው ለዚያ ነው እዚያ ድረስ የሚሄደው።

መካከለኛ መንገድ አለ። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። በ14 ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ከሆነ፣ በ13 ወደ 9 ሰዓት፣ በ12 ወደ 8 ሰዓት ተኩል ይቀርባል። 13ኛውን ቀን ይጠይቁ። 8 ሰዓት ላይ ተነስተው በሙላቱ መጨረሻ ውሃው እየገፋቸው ይገባሉ፤ 9 ሰዓት ላይ ውሃው ሲቆም ውስጥ ያርፋሉ፤ ከዚያ ገና ቀስ ብሎ በሚወጣው ውሃ ተደግፈው ይመለሳሉ፤ 11 ሰዓት ሳይሞላ ዳር ናቸው። አንተ የፈራኸው ሦስተኛው ሰዓት ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው። በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ መጠባበቂያ ይቀራል። በ14ኛው ቀን 9 ሰዓት ቢነሱ ግን የሚደርሱት ልክ ሲመሽ ነው፤ አንድ ነገር ከተጓተተ ጨለማ ይይዛቸዋል።

ውስጥ ሆናችሁ «ትንሽ እንቆይ» የሚል ከመጣ አትቀበሉ። ሙላቱ ካለፈ 3 ሰዓት ላይ ጭቃ የያዘው ካያክ በዚያው ቦታ እንደገና የሚንሳፈፈው ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ወርዶ መግፋትም አይሆንም፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል፣ በሥሮቹ ላይ የተለጠፉት የኦይስተር ዛጎሎች እንደ ምላጭ ይቆርጣሉ። በዚህም ምክንያት ወደ ዛፍ ስትጠጉ ሥሩን በእጅ ይዞ ካያክ ማቆም ክልክል ነው፣ በመቅዘፊያው ነው የሚገፋው።

ደግሞ አንድ ነገር፦ 13፣ 14 እና 15 አያሙል ቢድ (በየሂጅራ ወሩ የሱና ጾም የሚጾምባቸው ቀናት) ናቸው። የመጾም ልማድ ያለው ካለ ለዚያ ቀን ያስብበት፤ በፀሐይ ሦስት ሰዓት እየቀዘፉ ውሃ አለመጠጣት አይመከርም።

---

ነርሷ ከኪቶ

እናትሽን አታስቀሪያቸው። ግን ጥቂት ነገር ከአሁኑ ይስተካከል።

መጀመሪያ ኪኒኑን እወቂ። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስኳራቸው በድንገት የመውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው። ግሊቤንክላማይድ ካለበት ግን መቅዘፍና ምሳ መዘግየት ሲገናኙ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ለሚከታተላቸው ሐኪም «ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የእጅ ሥራ ይሠራሉ» ብላችሁ ንገሩትና የዚያን ቀን አወሳሰዱን እሱ ይንገራችሁ፤ በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አትተዉም። በዚያ ቀን ምሳ ከካያኩ በፊት ይሁን፣ ከመነሳታቸው ከአንድ ሰዓት በፊት ያለቀ። በካያኩ ላይ በእጃቸው በሚደርስ ቦታ ስኳር ይኑር፦ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ (ስኳር አልባው አይደለም) ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ። እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ካላባቸው፣ ንግግራቸው ከተቀያየረ ወዲያው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ይድገሙ። ማላብና መድከም በካያክ ላይ ሁሉም የሚሆነው ነገር ስለሆነ ምልክቱን ለመሪው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ሙቀት ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሁለተኛው እግራቸው ነው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆረጥ ላይሰማው ይችላል። ሸበጥ አይበቃም፤ ጭቃው ይነጥቀዋል። ከላይ የተዘጋ፣ ወፍራም ሶል ያለው፣ ቢረጥብ የማይጎዳ ጫማ ከጅማ ይዘው ይሂዱ፤ አዲስ ገዝቶ እዚያ ማድረግ እግር ይልጣል፣ ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ይልመዱት። ከውሃ ሲወጡ በንጹህ ውሃ ታጥበው፣ በጣቶቻቸው መካከል ደርቀው፣ በሌላ ሰው ዓይን ይታዩ።

ለሁላችሁም፦ በአሸዋና በድንጋይ ላይ የባሕር ጃርት አለ። እሾሁ ከገባ የሚታየውን በወረንጦ አውጡ፤ እግሩን መቋቋም በምትችሉት ሙቅ ውሃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩ። ሙቀቱን የሚለካው ያልተጎዳ ሰው ይሁን፤ እናትሽ በእግራቸው አይለኩ፣ ሳይሰማቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር፣ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. በ1 ሊትር የተበጠበጠ ለሁላችሁ በቂ መጠባበቂያ ነው፤ ለእናትሽ ግን ስኳር ስላለው እንደ መጠጥ አይደለም የሚሰጠው፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲኖር ነው። ፀሐዩ ከላይም ከውሃውም ነው የሚመጣው፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ካያክ ላይ የሚቃጠለው ሰው የማያስበው ቦታ ነው፦ የጭን ላይኛው፣ የእግር ጀርባ፣ የእጅ ጀርባና ከጆሮ በስተኋላ። ረጅም እጅጌና ረጅም ስስ ሱሪ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። ጂንስና ወፍራም ጥጥ አይሁን፤ ሲርስ ከብዶ ይጎትታል፣ ጭኑንም ይልጠዋል። ልብሱ ረጅም መሆኑ በሌላም በኩል ይጠቅማል፦ በመንደሮቹ በኩል ስታልፉ ትከሻና ጉልበት መሸፈን የአገሩ ደንብ ነው።

የቢጫ ወባ ካርድ አትርሱ። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት።

---

ቀዛፊ ነኝ

13ኛው ቀን ከተገኘ እኔም እስማማለሁ። ስለ ልምምዱ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልመልስ።

ቦዬ አይሆንም፣ ጉማሬ አለበት። ግልገል ጊቤም እንደዚያው፤ ላዩ ዝም ያለ መሆኑ አያታልላችሁ። በካያክ ላይ ካሉ አደጋዎች ሁሉ ጉማሬ የማይታረም ነው። በዚያ ላይ በእንዲህ ያለ የረጋ፣ ጨው አልባ ውሃ ዳር ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ባሕሩ ጨዋማ ስለሆነ ዛንዚባር ማንግሮቭ ውስጥ ያ ሥጋት የለም። ልምምዱ ቤት ውስጥና በመዋኛ ገንዳ ይበቃል።

ቤት ውስጥ፦ መሬት ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን ግድግዳ ላይ ደግፉ፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ። የመጥረጊያ እንጨት ያዙ፤ እንጨቱን አናታችሁ ላይ ስታደርጉት ሁለቱም ክርን 90 ዲግሪ የሚሆንበት ቦታ የእጃችሁ ትክክለኛ ቦታ ነው። ሲቀዘፍ ትከሻና ወገብ ይዞራል፣ እጅ ብዙም አይታጠፍም፤ በግራ ስትስቡ ግራ እግር ግድግዳውን ይገፋል። በእጅ ብቻ የሚስብ ሰው በግማሽ ሰዓት ይደክማል። እንጨቱን ጨምቃችሁ አትያዙ፤ በአውራ ጣትና በመዳፍ መካከል ውሃ የሚቋጥረው በመጨበጥ ነው። በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት።

ሁለት ሰው በሚይዘው ላይ ምቱን የሚሰጠው ከፊት ያለው ነው፤ ከኋላ ያለው ይከተለዋል፣ አቅጣጫም የሚያስይዘው እሱ ነው። ልጁ ከፊት ሆኖ ከፈጠነ አባትየው «ቀስ» ይበለው እንጂ የራሱን ምት አይቅዘፍ፤ መቅዘፊያዎቹ ይጋጫሉ። ለመዞር ከኋላ ያለው በአንድ ጎን ሰፊ ግማሽ ክብ ይሥራ። ለማቆም ወደ ኋላ መቅዘፍ፣ ሦስት አጫጭር ምት።

በመዋኛ ገንዳ፦ ዋና መቻል ግዴታ አይደለም፣ በላይፍ ጃኬት ጀርባ ላይ ተንጋሎ መንሳፈፍና አለመደናገጥ ግን ግዴታ ነው። አንቺና ልጁ ፊታችሁ ውሃ ሲነካ ትንፋሽ መያዝ ተለማመዱ።

እዚያ ስትደርሱ ከመነሳታችሁ በፊት አራት ነገር በዓይናችሁ እዩ። ላይፍ ጃኬቱ በክብደት የሚመረጥ ነው፤ ለ34 ኪሎ ልጅ የአዋቂ ጃኬት ማጥበቅ አይሆንም፣ ውሃ ውስጥ ወደ ጆሮው ይወጣና አካሉ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሁሉም ታስሮ ካለቀ በኋላ ሌላ ሰው በትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ አገጭ ከነካ ጎኖቹ ይጥበቁ፣ አሁንም ከነካ ይለወጥ። ቀጥሎ የካያኩ ማፍሰሻ ቡሽ፦ በኋላ በኩል ያለው፣ ተጠምዝዞ መዘጋቱን በእጅ ንኩት። ብዙ ካያክ መሐል ላይ የሚከብደውና የሚንገዳገደው ይህ ቡሽ ላልቶ ሆዱ ውስጥ ውሃ ስለሚገባ ነው። ምልክቱም ስታንቀሳቅሱት ከውስጥ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ነው። ከዚያ ፊሽካ በየጃኬቱ፣ መጎተቻ ገመድና ውሃ የማይገባበት ስልክ በመሪው ዘንድ። መጨረሻ ላይ የገመድ መርገጫ ይኑራቸው፤ በክብ የታሰረ ገመድ ነው፣ ከውሃ ራሱን ማውጣት ለማይችል ሰው እንደ እርካብ ያገለግላል። ለእናትሽ ይህ ያስፈልጋል።

ቢገለበጥስ? ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ መሪው አንዴ ያለማምዳችሁ፣ እምቢ ካለ ለምኑት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መቅዘፊያውን አትልቀቁ፤ ካያኩን ከሥሩ ገፍታችሁ አቅኑ፤ መሐሉ ላይ በጎን ቁሙ፤ እግራችሁ ከውሃው ላይ እስኪንሳፈፍ ርገጡ፤ ከዚያ በሆድ ወጥታችሁ ተኙ፣ ገልበጥ ብላችሁ በመቀመጫችሁ ተቀመጡ፣ እግር በመጨረሻ ይግባ። ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆሞ በእጁ ጉልበት ራሱን ሊያነሳ ሲሞክር ነው፤ እግሩ ከካያኩ ሥር ይገባና መልሶ በላዩ ላይ ይገለብጠዋል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ሲወጣ ሌላው በተቃራኒ ጎን ይያዝ።

ዕቃ በፌስታል አታስሩ። ውሃ ያስገባል፤ ደግሞም የፕላስቲክ ፌስታል በታንዛኒያ የተከለከለ ነው፣ ሻንጣ ውስጥም አታስገቡት። ውሃ የማያስገባ ከረጢት አፉ ሦስቴ ተጠቅልሎ ይቆለፋል፤ አንዴ ከተጠቀለለ አይዝም።

---

ቡናና ሻይ

ከላይ ያልተነሳ ሁለት ነገር ብቻ። ጫት እንዳትይዙ፣ ለመንገድ ብላችሁ ጥቂትም ቢሆን። በታንዛኒያ ሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። የተቆላ ቡና ለስጦታ ይበቃል።

ሌላው የዛንዚባር የጉዞ መድን ነው፤ ከጥቅምት 2024 በፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ ግዴታ ሆኗል፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት ይከፈላል፤ ወረቀቱን አትማችሁ ያዙ።

---

የሄርማታዋ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጣችሁ። ዛሬ ጽፌላቸው መልስ መጣ። የ14ኛው ቀን 9፡00 «ሳዓ ቲሳ አላሲሪ» ነው አሉ፤ የ22ኛው ሰዓት ከዚያው በስህተት የተቀዳ ነው፣ እሱ ጠዋት ነው። 13ኛውን ቀን ጠይቄ ፈቀዱ፤ 8 ሰዓት ውሃ ላይ፣ ሙላቱ 9 ሰዓት ከ5፣ ከፍታው 3.7 ሜትር ብለዋል። ጠዋት ጆዛኒ፣ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል። ሁለተኛ መሪ በተጨማሪ ክፍያ ይመጣል። የልጅ ጃኬት ከ30 እስከ 40 ኪሎ አለ። የገመድ መርገጫ የሚባለውን ግን አላወቁትም። እናቴ ደግሞ መነጽር ታደርጋለች፤ ያለሱ ሩቅ አይታያትም፣ ምን ይሻላል?

---

ቀዛፊ ነኝ

ለመርገጫው ከጅማ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ወፍራም የናይሎን ገመድ ያዙ፤ ከገበያ በሜትር ይሸጣል። ጫፍና ጫፉን አገናኝታችሁ በጠንካራ ቋጠሮ እሰሩት፣ 2 ሜትር ገደማ የሚረዝም ክብ ይሆናል። መሪው ክቡን ከካያኩ በታች አሳልፎ በመቅዘፊያው ዘንግ ላይ ይጠመጥመዋል፤ እናትሽ ባሉበት ጎን የተንጠለጠለው ከውሃው በታች ጉልበት ያህል ይውረድ፣ እግራቸውን አስገብተው ይቆሙበታል። ከረዘመ በዘንጉ ላይ አንዴ ደግሞ ይጠምጠም። ዳር ላይ አንዴ ሞክሩት።

መነጽሩን ከኋላ በሚጠብቅ ገመድ እሰሩት፤ ከሌለ የጫማ ክር በሁለቱ ጆሮ ማንጠልጠያ ላይ ቋጥራችሁ አንገት ላይ አጥብቁት። ሌላ መነጽር ካላቸው አሮጌውን ያድርጉ፤ ጥሩውን ሆቴል ይተዉት። ጨው ሲደርቅበት በጨርቅ አይጠረግ፣ መስታወቱን ይፈትገዋል፤ ከመጠጫው ውሃ ጠብ አድርገው ያለቅልቁት።